ለዕድሜዋ ደህና ነው

ጭልጋ ውስጥ የዝሆን ቅድመ አያት ዕድሜ ይታወቃል፤ የአክስቴ ዕድሜ ግን አይታወቅም።

ይህን ስል ለቀልድ አይደለም። በአይከል ከተማ አቅራቢያ ባሉት ሸለቆዎች ሲመላለሱ የከረሙ ተመራማሪዎች በ1996 ዓ.ም. ይፋ ያደረጓቸው ቅሪተ አካላት 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ የዝሆን ዘመድ የሆነ አውሬ፣ በአገራችን ስም «ቺልጋቴሪየም» ተብሎ በሳይንስ መዝገብ ሰፍሯል። ዕድሜው እንዴት ታወቀ ቢባል፣ አጥንቱ ራሱ አልተናገረም። የተናገረው እሳተ ገሞራ በየዘመኑ የተፋውና ከደለሉ ጋር ተነባብሮ የተቀመጠው አመድ ነው። የታችኛውና የላይኛው አመድ መቼ እንደ ወደቀ ከታወቀ፣ በመካከሉ የተቀበረው ፍጥረት መቼ እንደ ኖረ ይታወቃል። ይህችን ዘዴ አንባቢ ለጊዜው በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አክስቴን እታለም እያልን ነው የምንጠራት። አይከል ተወልዳ፣ አይከል ተድራ፣ አይከል ወልዳ የከበደች ሴት ናት። የማርያም ማኅበር አላት፤ በወር በወሩ 21 ቀን ይጠጣል። ተራዋ ሲደርስ ጌሾው የሚወቀጠው፣ ብቅሉ የሚፈጨው ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። በ2010 ዓ.ም. ተራዋ የዋለው ጥር ላይ ነበር፤ ያውም አስተርእዮ ማርያም። ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢመጡ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ጋኑ ተደፍቶ፣ እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል አገኟት። «እንደምን ዋላችሁ? ዛሬ ምን እግር ጣላችሁ?» አለቻቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ዘላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሌላዋ ከቤቷ እንጀራ አስመጣች፣ ነገሩ በዚያው ተሸፋፈነ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲረሳ «ጃጀ» ይባላል። ቃሉ ራሱ ፍርድ ነው። ጃጀ ከተባለ ወዲያ የሚጠይቅም የሚያሳክምም የለም፤ ጠጉሬ ሸበተ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? እታለምም ጨው ሁለት ጊዜ ስትጨምር፣ የሞተ ባሏን ከገበያ ስትጠብቅ፣ «ጃጀች» ተባለች። «ዓይን ነው» ያለም ነበር። ጸበልም ተጠመቀች። በመጨረሻ ልጆቿና እኔ ተመካክረን ጎንደር ልንወስዳት ቆረጥን።

ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ በአካባቢው ግጭት ስለነበረ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሌላ ቀን ይዘጋ ነበር። እንደ ምንም ገባን። በአንድ የምርመራ ቤት የራስ ቅል ሲቲ ስካን ታዘዘላት። እኔ ገንዘብ ልከፍል ወረፋ ላይ ሳለሁ መዝጋቢው «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አላት። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አንተው ገምት» አለችው። ፊቷን አየና 80 ብሎ ጻፈ። ፀሐይና ጭስ የጠበሰው፣ ስምንት ጊዜ የወለደች ሴት ፊት ነው፤ 80 ቢለው አይደንቅም።

ውጤቱ በማግሥቱ መጣ። በፈረንጅ አፍ የተጻፈው ወረቀት ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ አንጎሏ በመጠኑ የሟሸሸ መሆኑን፣ ይኸውም ከዕድሜ ጋር የሚሄድ መሆኑን ይገልጻል። «ለዕድሜዋ ደህና ነው» ተባልን። ልጆቿ በደስታ ተቃቀፉ። ወደ አይከል ተመለሱ።

እኔን ግን 80 የሚለው ቁጥር ከነከነኝ። የእታለም ታላቅ እህት የተወለደችው ጣሊያን ጎንደርን በለቀቀበት ዓመት፣ በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህ በቤተሰቡ የታወቀ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት ልጆች አሉ። እያንዳንዱ ከሌላው ቢያንስ ሁለት ሁለት ዓመት ቢራራቅ፣ እታለም ከ1942 ዓ.ም. በፊት ልትወለድ አትችልም። ይህ የታችኛው አመድ ነው። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የታኅሣሥ ግርግር ልጅ ነው፤ አባታቸው የመፈንቅለ መንግሥቱን ወሬ ከጎንደር ይዞ ሲገባ እናታቸው ምጥ ላይ ነበረች። 1953 ዓ.ም. ማለት ነው። እሱን አዝላ ያሳደገችው እታለም ናት፤ «እግሩ መሬት ይጎተት ነበር» እያለች ትስቅ ነበር። ሕፃን የምታዝል ልጅ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ይህ የላይኛው አመድ ነው። ስለዚህ እታለም የተወለደችው በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያን ዕለት ስካኑ ውስጥ የተኛችው የ80 ሳይሆን የ66 ዓመት ሴት ነበረች።

ፊልሙን ይዤ አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ዕድሜዋን ነው። 66 ስላቸው ፊልሙን ከመብራቱ ላይ አወረዱና እንደገና ሰቀሉት። ከጆሮ ወደ ውስጥ ባለው በኩል፣ ትዝታ የሚጠነሰስበት ሂፖካምፐስ የሚባለው ሥፍራ ዙሪያ፣ የሰፋውን ጥቁር ቦታ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳዩኝ። «ለ80 ዓመት ሴት ቢሆን እኔም አላልፈው አልልም ነበር» አሉ። ፊልም ብቻውን በሽታ እንደማይሰይም አስረዱኝ፤ ደሟም ተመረመረ፣ እሷም መጥታ ታየች። በመጨረሻ የሰጡት ስም አልዛይመር ነው።

ይህ በሽታ ከመጀመሪያውም የተጠመደው በዕድሜ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ከተማ አሎይስ አልዛይመር የተባለው ሐኪም የመረመራት ሴት 51 ዓመቷ ነበር። ስትሞት፣ በ1906፣ አንጎሏን ከፍቶ በአጉሊ መነጽር ያየውን ለባልደረቦቹ አቀረበ። በሽታ ተብሎ ስም የወጣለትም ሴትዮዋ ስላላረጀች ነው። ያረጀ ሰው ያንኑ ቢሆን ግን ለሰባ ዓመት ያህል «እርጅና» እየተባለ ታለፈ። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትዝማን አጥብቆ የጻፈው በ1976 ነው። እንግዲህ እኛ ብቻ አይደለንም «ጃጀ» ብለን የዘጋነው፤ ፈረንጁም ነጭ ካባ ለብሶ ሲጃጅ ኖሯል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ልምጣ። ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አንጎል ያነሣው በ1971 ሎንዶን ውስጥ ነው። ምስሉን የሚያነበው ግን ለረጅም ዘመን ሰው ነበር። ዛሬ ማሽን ለርኒንግ በሚሉት ዘዴ ኮምፒዩተሩ ራሱ ማንበብ ተምሯል። እንዴት እንደሚማር ለመረዳት ከከብት ገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ነጋዴው የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያይና «ሰባት ዓመቱ ነው» ይላል። ደንቡን ማንም ጽፎ አልሰጠውም። በሺህ የሚቆጠር አፍ ከፍቶ ስላየና የእያንዳንዱን ዕድሜ ከባለቤቱ ስለሰማ ነው ያወቀው። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ነው፤ ሺህ የአንጎል ምስል ያሳዩታል፣ «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ይሄ ታሟል፣ ይሄ 70 ዓመቱ ነው» ይሉታል፣ ልዩነቱን ራሱ ያወጣል። በጀርመን ዬና ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ሥራ ኮምፒዩተሩ ምስሉን ብቻ አይቶ የጤነኛን ሰው ዕድሜ ወደ 5 ዓመት ገደማ በሆነ ስሕተት መገመት ችሏል። አንጎልህ ከመታወቂያህ ከበለጠ፣ ማለትም አንተ 66 ሆነህ አንጎልህ 78 ከመሰለ፣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ነጋዴው ለምለም በሆነው በፎገራ ሜዳ ያደገ ነው እንበል። ደረቅ ቆላ ላይ ከአሸዋ ጋር ሣር ሲግጥ የኖረ በሬ ቢያመጡለት፣ ጥርሱ ተሞርዶ ያየውና ዕድሜውን ከፍ አድርጎ ይናገራል። አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ያየው ሌላ ነው። ጎንደር ላይ የእታለምን ፊት አይቶ 80 ያለው መዝጋቢም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገም።

ለመሆኑ ኮምፒዩተሮቹ የማንን አንጎል አይተው ነው የተማሩት? በዓለም ላይ ብዙ ተመራማሪ የሚጠቀምበት የምስል ክምችት በ2004 በአሜሪካና በካናዳ የተጀመረው ነው። ገብተው የተመዘገቡት በአብዛኛው ነጮች ናቸው፤ አማካዩ ተመዝጋቢ ኮሌጅ ጨርሷል። በ2018 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ ሐኪሞች አንጎል የትኛው ክፍሉ ስኳር እንደሚበላና የትኛው እንደማይበላ ከሚያሳይ ምስል፣ ከዚሁ ክምችት ከ1,000 ሰዎች የተነሡ ከ2,100 በላይ ምስሎችን ለኮምፒዩተር አስተማሩ። ከዚያ በማያውቃቸው 40 ሰዎች ፈተኑት። በኋላ አልዛይመር ከያዛቸው አንድም አላመለጠውም፤ ያውም ሐኪሞች ቁርጡን ከመናገራቸው በአማካይ 6 ዓመት ቀደም ብሎ። ካልያዛቸው መካከል ግን ከመቶ 18 ያህሉን በሐሰት ጠርጥሯል። ትልቅ ሥራ ነው፤ 40 ሰው ግን ያንድ ሰፈር እድር እንኳ አይሞላም። ከአይከል ደግሞ ማንም የለበትም።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በዚያው በ2018 ያሳተመችው ጥናት ይህን ጣጣ በፊት ምስል ላይ አሳይቷል። ፊት አይተው ወንድና ሴት እንዲለዩ የተሠሩ የገበያ ፕሮግራሞች ነጭ ወንድ ላይ ከመቶ አንድ እንኳ አይሳሳቱም ነበር፤ ጥቁር ሴት ላይ ግን ከአንዱ ኩባንያ ፕሮግራም የተገኘው ስሕተት ከመቶ 34.7 ደርሷል። ፊት ማንም አላፊ አግዳሚ የሚያየው ነገር ነው። የራስ ቅል ውስጥ ያለውማ ሲሳሳት ማን ይታዘባል?

የእኛ ሰው አንጎል የተለየ ነው ማለቴ አይደለም። ኑሮው ግን የተለየ ነው። ይህንንም ያሳየ ጥናት በአፍሪካ ምድር ተደርጓል። ናይጄሪያ ውስጥ በኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁሮችን ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች በ2001 ባወጡት ውጤት፣ በዓመት አዲስ በመርሳት በሽታ የሚያዙት በኢባዳን ከመቶ 1.35፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 ናቸው። ዘራቸው የሚቀራረብ ሁለት ሕዝቦች፣ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ! አንዱን አይቶ የተማረ ኮምፒዩተር ስለ ሌላው እንዴት አፉን ሞልቶ ይናገራል?

ከምስሉ የባሰ ችግር ያለው ግን በመምህሩ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩን «ይህ ታሟል፣ ያ ደህና ነው» ብሎ የሚያስተምረው ሰው ያን ያወቀው በምን ነው? አንዱ መለኪያ በጥያቄ ነው። በ1975 የወጣና በዓለም ሁሉ የተሠራበት ከ30 ነጥብ የሚታሰብ ፈተና አለ። እታለም ጎንደር ላይ ተፈትናዋለች። ዕለቱ ኅዳር 23 ነበር። ወጣቱ ባለሙያ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲላት «ጊዮርጊስ» አለችው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ነበርና። ዜሮ። «ዓመተ ምሕረቱስ?» «ዘመነ ሉቃስ።» ዜሮ። 2011 ዓ.ም. ግን በእርግጥ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ እንዲያውም እኔ ራሴ በጣቴ ቆጥሬ ነው ያረጋገጥኩት። «ዐረፍተ ነገር ይጻፉ» ተባለች፤ እርሳስ በሕይወቷ ይዛ አታውቅም። ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾች ተቆላልፈው ያሉበትን ሥዕል አይተሽ ገልብጪ ስትባል ሳቀች።

ታማ ነበር፤ አልካድኩም። ነገር ግን የምታውቀው ከማታውቀው ጋር ተደምሮ ዜሮ ሆነ። እንዲህ ያለ ውጤት ነው እንግዲህ ለኮምፒዩተር ትምህርት የሚቀርበው። ታንዛኒያ ውስጥ በሃይ ወረዳ ያልተማሩ ሽማግሌዎችን ለመመርመር የተሠራ አጭር ፈተና እርሳስና ወረቀት ትቶ ክብሪት እንጨት ያስደረድራል፣ የእንስሳት ስም ያስቆጥራል። እኛስ አገር? እኔን ብትጠይቁኝ መሶብ አስፉ እላለሁ።

እታለም የታወቀች ሰፌ ናት። የመጨረሻው ሰፌዷ እኔ ቤት አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የጀመረችው ነው። ስፌት ከመካከል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ ስለዚህ መካከሉ የድሮ፣ ጠርዙ የቅርብ ነው። ቀይና ጥቁሩ አለላ ከእንብርቱ ስምንት ጮራ ሆኖ ይወጣል፣ ያለ አንድ ስሕተት ይሰፋል። ጠርዙ ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው አንደኛው ጮራ ይጠፋል። ቀጥሎ ሁለቱ ይጋጠማሉ። የመጨረሻው ዙር ቀለም የለበትም፤ ነጭ አክርማ ብቻ ነው። ማኅበርተኞቿ ደጃፏ ላይ ግራ ከመጋባታቸው ወራት በፊት ወስፌዋ ነገሩን ተናግሮ ኖሯል። ዊሊያም አተርሞለን የተባለ ሎንዶን ነዋሪ ሠዓሊ በ1995 በሽታው ከታወቀለት በኋላ ለዓመታት የገዛ ፊቱን እየሣለ ያለፈበትን መንገድ የዓለም ሐኪሞች ይመለከቱታል። የእታለምን ሰፌድ ግን ልጆቿ ቆሎ ሊያበጥሩበት ነበር።

አገሪቱ በዚህ ነገር ላይ የምትተኛበት ጊዜ የላትም። በ2022 በታተመ ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት፣ ከ2019 እስከ 2050 ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው ሰዎች ቁጥር 443 በመቶ ይጨምራል። የበሽታው መባባስ አይደለም፤ በዋናነት የሕዝቡ ቁጥር ስለሚያድግ ነው። የነርቭ ሐኪም አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ ገና በ1998 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ ጭራሽ ያልተሄደበት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ቡታጅራ ላይ ከ60,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው የሚጥል በሽታንና የሌሎች የነርቭ ሕመሞችን መጠን አውቀዋል። ያኔ የተደረገ አሁን የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም፤ ኮምፒዩተሩ የሚማረው እንዲህ ካለ ጉልበት ነው።

እስከዚያው ግን ስካኑ ነገ የሚሆነውን ባይተነብይ እንኳ ዛሬ ያለውን ሊያሳይ ይችላል። ሽማግሌ ጉበን መትቶት ከሳምንታት በኋላ ቢዘነጋ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ሲወጣለት ልቡናው ይመለሳል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፣ አንዳንድ ቪታሚን ሲጎድል፣ ሰው የጃጀ ይመስላል፤ መድኃኒት አለው። እታለም እነዚህ አልነበሩባትም። በስንት ቤት ግን «ጃጀ» ተብሎ የተቀመጠ፣ ሊድን የሚችል ሰው ይኖር ይሆን?

የዕድሜው ነገር ወደፊት ይቃለል ይሆናል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ያን ሰሞን የተመዘገበ ሕፃን 66 ዓመት የሚሞላው በ2074 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ መዝጋቢዎች ፊት አይተው ከሚገምቱ «በማን ዘመን ተወለዱ፣ ማንን አዘሉ?» ብለው ቢጠይቁ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። የዝሆኑን አጥንት የቆፈሩት ይህን ያህል ደክመዋል።

ሰዎች ይጠይቁኛል፦ «ከ6 ዓመት በፊት ብታውቁስ ምን ትፈጥሩ ነበር? መድኃኒት የለው።» ጭራሽ የለም አይባልም። ሌካኔማብ የተባለው በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ በ18 ወር ሙከራ የበሽታውን ግስጋሴ 27 በመቶ ያህል አዘግይቷል፤ ገበያ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። ይህን ለአይከል ሰው ማውራት ስድብ ነው።

የእኔ መልስ ግን ሌላ ነው። እታለም አንድ ጥማድ የምታህል የወንዝ ዳር መሬት አለቻት። በ2009 ዓ.ም. ለትልቁ ልጇ «ያንተ ናት» አለችው፤ ጎረቤት ሰምቷል። በ2011 ዓ.ም. ለትንሿ ልጇ «ያንቺ ናት» አለቻት፤ ቄሱ ሰምተዋል። ሁለቱም አልዋሹም። ሽማግሌ ተቀምጦ «የትኛው ቃሏ በደህና ልቧ የተነገረ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንደኛው ወገን ጎንደር የተሰጠውን ወረቀት አወጣ፤ ለዕድሜዋ ደህና ነው ይላል። ሌላው ወገን እኔ ያመጣሁትን የአዲስ አበባውን አወጣ። እኔ ሰፌዱን ይዤ ልሂድ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። በ2005 ወይም በ2006 ዓ.ም. አንድ ሰው «እታለም፣ ልብሽ ሳይከዳሽ ኑዛዜሽን ተናገሪ» ቢላት፣ ንስሐ አባቷን ጠርታ፣ ምስክር አቁማ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሰው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አዋቂ ነበረች።

ወንድምና እህት አሁን አይነጋገሩም። እታለም የምትኖረው ከልጅቷ ጋር ነው፤ ልጇ ግን በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ መጥቶ ግቢው በር ላይ ያያታል። «የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። መሬቷን ዘንድሮ ያረሳት የለም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው።